የአቶ ገብረመድህን እንደራሴ

አቶ ገብረመድህን የስቶክሆልም ዳርቻ በሆነችው ኖርስቦሪ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። በዕድሜያቸው ሦስት ሥራ ሠርተዋል። በወጣትነታቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀጥሯቸው አውሮፓ ባለ አንድ ኤምባሲያችን ሦስተኛ ጸሐፊ ሆኑ። ቀጥሎ የንጉሡ መንግሥት የአንድ ቆላ አውራጃ አስተዳዳሪ አድርጎ ላካቸው። በመጨረሻ ደግሞ እዚህ ስቶክሆልም፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ባቡር ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ ከመስታወት ኋላ ቁጭ ብለው አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ትኬት ላይ ማኅተም ሲመቱ ኖሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሥራ መካከል ሰባት ዓመት የደርግ እስር ቤት አለ። ስለሱ ሲጠየቁ «እሱ ሥራ አይደለም» ብለው ያልፉታል።

እኔ ያወቅኳቸው በ1999 ዓ.ም. ነው። ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ለአቅመ ደካሞች በሚልከው የቤት ለቤት እርዳታ፣ እዚህ ሄምሼንስት በምንለው፣ ገና መቀጠሬ ነበር። ልጄን ርሆቦትን መዋለ ሕፃናት አድርሼ በቀጥታ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። ቁርስ አቀርባለሁ፣ የዓይን ጠብታቸውን አደርግላቸዋለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቴሌቪዥን ፊት አላገኘኋቸውም። ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ማጉያ መስታወት ይዘው ወረቀት ይመረምራሉ። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ተርፎ ወንበር ላይ፣ ከወንበር ተርፎ መስኮቱ ሥር ተከምሯል።

«ስምሽ ማነው?»

«ትሁት እባላለሁ።»

«ትሁት፣ ያንን ክምር እንዳትነኪብኝ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

«አቧራ ይዞታል እኮ ጋሼ።»

«አቧራውም የእሳቸው ነው።»

«የማን?»

«የኮንቱ» አሉኝ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ የተኛ እንግዳ እንዳለባቸው ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኮንቱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞቱ የፖርቱጋል መኳንንት ነበሩ። ኮንት ማለት በእኛ እንደ ደጃዝማች ያለ ማዕረግ ነው ብለው አስረዱኝ። ኮንት ቫልሴራ ይባላሉ። አቶ ገብረመድህን ስማቸውን መጀመሪያ ያዩት ኤምባሲ ሳሉ፣ አንድ አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ሦስት መስመር። በንጉሥ የተላኩ መልእክተኛ፣ ቀጥሎ የሩቅ አገር ገዥ፣ ቀጥሎ እስረኛ፣ በኋላም የሕንድ እንደራሴ ይላል። ያኔ ዝም ብለው አለፉት። እሳቸውም ከመልእክተኛነት ወደ ገዥነት፣ ከገዥነት ወደ እስር ቤት ሲሄዱ ግን ሦስቱ መስመር ትዝ አላቸው። እስር ቤት ውስጥ በየማታው የመጨረሻዎቹን ቃላት ለራሳቸው ይደግሙ ነበር፤ «በኋላም የሕንድ እንደራሴ።»

ስዊድን ሲገቡ ከትኬቱ መስታወት ኋላ መዝገበ ቃላት ይዘው ፖርቱጋልኛ ተማሩ። ሊዝበን ለሚገኝ መዝገብ ቤት «የኮንት ቫልሴራን ደብዳቤዎች በሙሉ» ብለው ጻፉ። ቅጂው ዓመት እየቆየ፣ በፖስታ በፖስታ ይመጣላቸው ጀመር። ሌላ ሰው ስለ ኮንቱ የጻፈውን አንብበው አያውቁም፤ አልፈለጉምም። «ምንጩ እጄ ላይ እያለ ለምን ከሰው እንስራ እጠጣለሁ?» ይላሉ። ሃያ ዓመት ተርጉመው፣ አስተያይተው፣ አምስት መቶ ገጽ የሚሆን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። በእጃቸው፣ በቀጥ ያለ የሚኒስቴር ጽሕፈት።

እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አራት ዓመት ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። ውል፣ አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልተየብኩት የለም። ይህን ሲሰሙ ማጉያውን አስቀመጡ።

«በኮምፒውተር?»

«በኮምፒውተር ነዋ።»

«አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት አለ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ኢየሩስ የጓደኛዬ ልጅ ነች። ለሚሌኒየሙ አደርስልዎታለሁ ብላለች። ግን ተተይቦ በሲዲ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልደረሰ ወረፋውን ለሌላ ትሰጠዋለች።» ማጉያውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ሶልና ያለው የዓይን ሐኪሜ ቀኙ ሄዷል፣ ግራው ምናልባት እስከ መስከረም ነው ያለኝ። ስሜ ታትሞ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ልጄ። በ1967 ጋዜጣ ላይ፣ ከታሰሩት ዝርዝር ውስጥ፣ ተራ ቁጥር አርባ አንድ። ይሄ ዓይን ሳይጠፋ ሌላ ነገር ላይ ባየው ደስ ይለኛል።»

ምን ትላለህ እንዲህ ሲባል? እሺ አልኩ። ክምሩን በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ገጽ እያደረግኩ ወደ ቤት ወሰድኩ። ርሆቦት ስትተኛ፣ ባለቤቴ ከፍያለውም ሥራ ሲሄድ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እተይባለሁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ኮንቱ እኛ ቤት ኖሩ ማለት ይቻላል። አቶ ገብረመድህን አንቱ ስለሚሏቸው እኔም አንቱ አልኳቸው።

ደግሞ ደስ ይላል። በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው የንጉሣቸው መልእክተኛ ሆነው ቪየና ይገባሉ። በር ላይ ማን ይቅደም በሚል ከሌላ አገር መልእክተኛ ጋር ተጣልተው ሁለት ሰዓት ዝናብ ይመታቸዋል። በአርባ ስድስት ዓመታቸው የሞዛምቢክ ገዥ ይሆናሉ። ወባ፣ የምሽግ ግንብ፣ ደሞዝ ያልደረሳቸው ወታደሮች፣ ከቤቱ ተነጥቆ በመርከብ የሚጫን ሰው። አቶ ገብረመድህን ይህንን የመጨረሻውን አልሸፈኑላቸውም፤ «ገዥ ነበሩ፤ ያደረጉትን አድርገዋል» ብለው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፈዋል። ከዚያ ሊዝበን አዲስ ሹም ይነሳል፣ ኮንቱ ይከሰሳሉ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ባሕር ዳር ያለ ምሽግ ውስጥ ይታሰራሉ። አሥራ አምስት ዓመት! ከዚያ መጽሐፉ ሁሉ የሚጠብቀው ምዕራፍ ይመጣል። ኮንቱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከእስር ወጥተው፣ የጎዋ እንደራሴ ተብለው፣ መርከብ ተሳፍረው ሕንድ ይገባሉ። ዘጠኝ ዓመትም ያስተዳድራሉ።

ደጀኔ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው፣ የአውቶቡስ ሹፌር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዞላቸው ይመጣል፤ ሳይቀልድ አይወጣም።

«እስቲ ጋሼ፣ ዛሬስ ሹመቱ መጣ?»

«ቁጭ በል አንተ ባለጌ።»

«አይ ልጠይቅ ብዬ ነው። ሰውዬው በስልሳ ስምንት ዓመቱ ሰባት ወር መርከብ ላይ! እኔ በስልሳ ሁለቴ ከሹፌር ወንበር ለመውረድ ሰው እጄን ይስበኝ እያልኩ ነው።»

«አንተ የተፈጠርከው ለአውቶቡስ ነው። እሳቸው የተፈጠሩት ለመንግሥት ነው።»

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔ» ይላሉ አቶ ገብረመድህን፣ «ገና ስድስት ዓመት ነው ያለፍኳቸው።»

እንስቃለን። እሳቸው ግን የሚስቁት ግማሹን ነበር። ደጀኔ በኋላ ደረጃው ላይ ነገረኝ። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ፣ በ1983፣ አቶ ገብረመድህን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ልምዴን ላገሬ ለማዋል ዝግጁ ነኝ የሚል። መልስ አልመጣም። በዓመቱ ደገሙት። አሁንም አልመጣም። ሦስተኛውን ፖስታ ቤት የወሰደላቸው ራሱ ደጀኔ ነው።

«መጽሐፉን ለሚኒስቴሩ ቤተ መጻሕፍት አሥር ቅጂ ይልካሉ፣ ሰምተሻል?» አለኝ። «አሁንም ይጠብቃሉ እኮ። አንቺ ስትተይቢ መጽሐፍ ይመስልሻል፤ ማመልከቻ ነው።»

ሚያዝያ ላይ አንድ ነገር አይቼ ነበር። የሰውና የቦታ ስም ለማመሳከር ቅጂዎቹን ስገልጥ፣ ከእስር በፊት ያሉት ደብዳቤዎች ወፍራምና የተጋደመ ጽሕፈት ነው፣ የጎዋዎቹ ቀጭንና የቆመ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እጁ ተለወጠ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ትልቅ ሰው በእጁ ይጽፋል እንዴ? አባቴ ግራዝማች ነበሩ። ማንበብ እየቻሉ ብዕር ነክተው አያውቁም። ጸሐፊው ይጽፋል፣ እሳቸው ማኅተም ያሳርፋሉ። ጸሐፊያቸው ሞቶ ሌላ ተተክቷል፣ ያ ነው።»

ለእኔም ልክ መሰለኝ። የማኅተሙ ሥር የተጻፈው ስም ያው ነው፤ ኮንት ቫልሴራ። አንድም ቦታ ሌላ ስም የለም።

ግንቦት ላይ ትየባው ሲያልቅ አንድ ነገር ቀረ፤ ለሽፋኑ ሥዕል። ወይዘሮ ኢየሩስ በስልክ «የሰውየው መልክ ከሌለ ማን ያነሳዋል?» አለችን። እኔም ነገር ቶሎ ማለቅ የምወድ ነኝና ሊናን ያዝኳት። ሊና አብራን የምትሠራ፣ ፍሌሚንግስቤሪ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። እናትና አባቷ የኛ አገር ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ለመዝገብ ቤቱ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፈችልኝ፤ የኮንት ቫልሴራ ሥዕል ካላችሁ ብላ። ለአቶ ገብረመድህን አልነገርኳቸውም። ድንገት አምጥቼ ላስደስታቸው ብዬ ነው።

መልሱ በአሥር ቀን መጣ። ሊና የዕረፍት ክፍላችን ውስጥ ወረቀቱን ይዛ በስዊድንኛ «የትኛውን ነው የምትፈልጊው ይላሉ፤ ሁለት ናቸው እኮ» አለችኝ።

«ምኑ ነው ሁለት?»

ሁለት ሥዕል ዘረጋችልኝ። አንዱ ሰፊ ፊት፣ ከባድ አገጭ፣ ነጭ ዊግ። ሌላው ቀጭን፣ ወጣት፣ ዓይኑ ብቻ የመጀመሪያውን የሚመስል። ከሥር ሊና እየተረጎመች አነበበችልኝ። ሦስተኛው ኮንት ቫልሴራ፤ በቪየና መልእክተኛ፣ የሞዛምቢክ ገዥ፣ በፈረንጆቹ 1771 በምሽጉ እስር ቤት ሞቱ። አራተኛው ኮንት ቫልሴራ፣ የሦስተኛው ልጅ፤ የጎዋ እንደራሴ።

«እንዴት ነው ልጁም በዚያው ስም የሚጠራው?» አልኳት።

ሊና ትከሻዋን ሰበቀች። እዚህ እንዲህ ነው አለችኝ፤ ማዕረጉ የቤቱ ነው፣ አባት ሲሞት ልጅ ይወስደዋል፣ ቤት እንደ መውረስ ነው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር አድርጋ ነው የነገረችኝ። ለሷ ነው እንጂ! እኛ አገር የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ሆኖ አያድርም፤ ንጉሥ ካልሾመው አቶ ነው። አቶ ገብረመድህንም፣ የተየብኩት እኔም፣ ያንን ስም ባየን ቁጥር አንድ ሰው ነው ያየነው።

ያን ቀን ማታ ከፍያለውም አላስተኛኝም፤ ምን ሆነሻል እያለ። በማግስቱ ደረጃው ላይ ደጀኔን አገኘሁትና ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ሰማኝ።

«ለማንም አትንገሪ» አለኝ። «የወፍራሙን ሥዕል ለጥፊና ላኪው። ሁለት ፖርቱጋሎች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው? ማን መጥቶ ይከሳል?»

«ስማቸው ሽፋኑ ላይ ነው የሚወጣው ደጀኔ። አንድ የሚያውቅ ሰው ካነበበውስ? በጋዜጣ ቢጽፍባቸውስ?»

«ያኔ ዓይናቸው አያይም።»

«ጆሯቸው ይሰማል።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝና ዳቦውን እጄ ላይ ትቶ ወረደ። ሳይገባ የሄደበት ቅዳሜ ያ ብቻ ነው።

እኔ መፍትሔ ይዤ ነበር የገባሁት። ሰው መጥፎ ወሬ ሲያመጣ ባዶ እጁን መምጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ክፍል አንድ አባት፣ ክፍል ሁለት ልጅ። እስር ቤቱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ይጨመራል፣ የጎዋው መግቢያ ይስተካከላል። በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነው። የሰኔ ቀጠሮም አያልፍም።

ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ጠብታውን አደረግኩላቸው። ከዚያ ሁለቱን ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነገሩን እንደመጣ ነገርኳቸው።

ማጉያውን አነሱ። ሰፊውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ።

«እሳቸው ናቸው» አሉ። «እንዲህ ይመስሉኝ ነበር።»

«ሌላው ልጃቸው ነው ጋሼ።»

«ሰማሁ።» ማጉያው ወደ ቀጭኑ አልሄደም። «በ71 ነው ያልሽው?»

«በ1771፣ የካቲት ላይ ይላል።»

«እዚያው ውስጥ?»

«እዚያው።»

«የ70ውን ደብዳቤ አምጪልኝ።»

የቱን እንደሚሉ አውቃለሁ። ከእስር ቤት ለንጉሡ የተጻፈ ልመና ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ቅጂውን ከክምሩ መሐል አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ በፖርቱጋልኛ አነበቡ፣ ከዚያ ራሳቸው ወደ ተረጎሙት አማርኛ መለሱት፤ «ግርማዊ ሆይ፣ የቤቴን ክብር ይመልሱልኝ። ከቫልሴራ ቤት የሚወጣው አገልግሎት ገና አላለቀም።» ቆሙ።

«ለራሳቸው መስሎኝ ነበር» አሉ። «ቤቴ ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው ብዬ አምስት ገጽ ጻፍኩበት። ለልጃቸው ነው የለመኑት። እሳቸው የራሳቸውን ጨርሰውታል።»

«ግን ጋሼ፣ ልመናው ተሰምቶላቸዋል እኮ። ልጃቸው ተሹሟል።»

«ተሰማ፤ ከሞቱ በኋላ።»

መፍትሔዬን ነገርኳቸው። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ሳምንት። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ፤ የሰው ንግግር አያቋርጡም። ስጨርስ «አሰብሽልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ግን ልጁ ማነው? ሃያ ዓመት አብሬው አልኖርኩም። አላውቀውም። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በአባቱ ስም፣ ጥርሱ ሳይነቃነቅ እንደራሴ ሆነ። ስለሱ ምን እጽፋለሁ?»

«እሺ የአባትየውን ብቻ እናሳትመዋ። እሱ እውነት ነው። ቪየና እውነት ነው፣ ሞዛምቢክ እውነት ነው።»

«መጨረሻው?»

«መጨረሻው... እንደሆነው ነዋ።»

«እንዲህ ያለውን መጨረሻ ማንም አይግዛው፤ አገር ቤት ሞልቷል» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

ያም ሆኖ ሞከሩ። ሞከሩ ልበል እንጂ፣ እኔ ነኝ ያስገደድኳቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው የእስር ቤቱን መጨረሻ እንዲነግሩኝ፣ እኔ እንድጽፍ። «የካቲት 1771» ይላሉ። ቆይተው «ብርድ ነበረ» ይላሉ። ከዚያ ማጉያውን አንስተው ወደ ሥዕሉ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ብቻ ረዘም አድርገው ተናገሩ። የእስር ቤት ጠዋት እንዴት እንደሚነጋ፣ በር ሲከፈት የማን ስም ይጠራ ይሆን ብሎ ሰው ሁሉ እንዴት ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ ስማቸው ያልተጠራው ሰዎች ወዲያው እንዴት ስለ ቁርስ ማውራት እንደሚጀምሩ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ሳነብላቸው «ይሄ የኮንቱ አይደለም፤ ቅደጅው» አሉኝ። አልቀደድኩትም፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሰኔ ሃያ አምስት ቀን ወይዘሮ ኢየሩስ ደወለች። እኔ ነበርኩ ያነሳሁት። ሲዲው የት ደረሰ፣ ሽፋኑ ተዘጋጅቷል፣ ሥዕሉ ብቻ ነው የቀረው አለችኝ። «ትንሽ ቀን ይጨምሩልን» ልል አፌን ስከፍት አቶ ገብረመድህን እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ኢየሩስ። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር። ስላደረግሽልኝ መልካም ፈቃድ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጽሑፉ ላይ መሠረታዊ ስሕተት መገኘቱን ስገልጽልሽ በታላቅ ኀዘን ነው። ስሕተቱ የእኔ ብቻ ነው፤ የተየበችው ልጅ የለችበትም። ስለዚህ የሰጠሽኝን ወረፋ በክብር እመልሳለሁ። ለሌላ ጸሐፊ እንዲውል ፈቃዴ ነው።»

ወይዘሮ ኢየሩስ ወዲያ ማዶ ብዙ ተናገረች፤ ድምጿ ይሰማኛል እንጂ ቃሉ አይለይም። እሳቸው «ገብቶኛል... ገብቶኛል... አይደለም፣ የሚስተካከል አይደለም» ይላሉ። በመጨረሻ «የተከበረ ሰላምታዬን ተቀበይ» አሉና ስልኩን ለኔ መለሱልኝ። የት እንደሚቀመጥ አላዩትም ነበር።

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ተቀምጠው «አሁን ምን ያስለቅሳል?» አሉኝ። «እንዲያውም የድሮ ሥራዬን ሠራሁ። ልፍስፍስ ያልኩ መሰለሽ?»

«አላሉም።»

«እህሳ።»

ደጀኔ ቅዳሜ መጣ። ዳቦውን አስቀምጦ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ ዘጋው። በኋላ «ዝናቡ አላባራም» አለ። እንዲህ ያለ ወሬ ከደጀኔ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ሚሌኒየሙ ደረሰ። እዚህም አዳራሽ ተከራይተን፣ ልጆቹን የሀገር ልብስ አልብሰን አከበርን። ርሆቦት ከልጆቹ ጋር አበባ አየሽ ወይ አለች፤ ግማሹን ተሳስታ። አቶ ገብረመድህንን ደጀኔ በራሱ መኪና ሊወስዳቸው መጥቶ «እግሬን አሞኛል» አሉት። እግራቸው ምንም አልነበረም። መስከረም መጨረሻ ላይ የግራ ዓይናቸው እንደተባለው ሄደ። ሐኪሙ በቀን አላሳሳታቸውም።

አሁን እርዳታቸው ስለጨመረ ኮሙኑ ረዘም ያለ ሰዓት ፈቀደልኝ። ቁርስ ካቀረብኩ በኋላ ያንብቡልኝ ይላሉ፤ ያው እኔን ነው፣ ለሚያነብላቸው ሰው አንቱ ማለት ጀምረዋል፤ እምቢ ብላቸውም አይተዉም። የማነበው የራሳቸውን ነው። ከኮምፒውተር ያወጣሁትን፣ ከቪየናው በር፣ ከዝናቡ ጀምሬ። በሩ ላይ የሚጣሉበት ቦታ ሲደርስ ይስቃሉ። ሞዛምቢክ ላይ አንዳንድ ጊዜ «ይሄን ቃል ባልጻፍኩት» ይላሉ። ኮንቱ መርከባቸው ሊዝበን ወደብ ስትደርስ፣ የሚጠብቃቸውን ሰረገላ ያያሉ፤ የንጉሡ መስሏቸው ካባቸውን ያስተካክላሉ። የወታደሮቹ ነው። እዚያ መስመር ላይ ሁልጊዜ እጃቸውን ያነሳሉ።

«ይበቃል።»

«ሳትጻፍ የቀረችው የእስር ቤቱ መጨረሻ ብቻ እኮ ናት ጋሼ። ያቺን እንጨርሳትና አንድ ቀን ለሰው እናሳየው። ቢያንስ እዚህ ላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቤተ መጻሕፍት...»

«ነገ ከየት ነው የምንጀምረው?» ይሉኛል።

«ከዚሁ።»

«አይ። ከቪየና።»

እሺ እላለሁ፤ ገጾቹን ገልብጬ የመጀመሪያውን ከላይ አደርገዋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ቪየና ገብተናል።